በጥቁር ገመድ የታሰረው ድንጋይ

ቅዳሜ ይመጣል የተባለ ሰው ቅዳሜ ካልመጣ፣ እሁድ ይጠብቁታል፤ ሰኞ ሰበብ ይፈልጉለታል፤ ማክሰኞ ግን ልብ የራሷን ፍርድ ትሰጣለች። የጥርስ ሐኪሟ ልብ ፈርዳ ከጨረሰች ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነው። ፍርዱም አጭር ነው፤ "ፈሪ ነው" የሚል።

ችግሩ ፍርዱን እጇ አልተቀበለላትም። ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት አፏን ከፍታ ስትጠብቅ፣ ሐኪሟ የያዘችው ትንሽ መስታወት ጥርሷ ላይ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሴትዮዋ ዓይኗን ገለጠች። ሐኪሟ ፈገግ ብላ "አንድ ደቂቃ እንረፍ" አለችና እጇን የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ኪሷ ውስጥም ይንቀጠቀጣል። ለቆኛል ያለችው ነገር ተመልሶ መጥቷል። የጥርስ ሐኪም እጁ ካልታዘዘው ምን ቀረው? ፈርታለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንበል።

እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረው ዳኛው አባቷ የሞቱ ጊዜ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ "ምንም የለብሽም፣ እረፍት አድርጊ" አሏት። እረፍት መድኃኒት ቤት አይሸጥ ነገር! አንድ ቀን ግን ክሊኒኳ ተራ መጠበቂያ ላይ ከተቆለሉት አሮጌ መጽሔቶች መሃል የአንድ የጃፓን ጓሮ ፎቶ አየች። ሦስት ድንጋይ፣ ነጭ ጠጠር፣ አንድ ጥድ፤ ሌላ ምንም የለም። ፎቶውን ስታይ ትንፋሿ ሲረጋ ታወቃት። ገጹን ቀደደችና (የራሷ መጽሔት ነው፣ ማን ይከሳታል?) ይዛው ወደ ቤት ገባች።

የቤታቸው ጓሮ ከሳሎናቸው ብዙም አይሰፋም። የተሰበረ ማቀዝቀዣ፣ ከቤት ግንባታ የተረፈ ሸክላ፣ የአባቷ መኪና አሮጌ ጎማዎች፣ እግሩ የወለቀ አልጋ፤ ሁሉም "አንድ ቀን ይጠቅማል" እየተባለ የተከማቸ ነው። ይህን እንዲያጸዳና የዘመመውን አጥር እንዲያቃና አንድ ግንበኛ ተጠራ። ቱንቢ ይሉታል። ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚያዩባት፣ በክር የምትንጠለጠል ብረት ናት፤ የሥራ ጓደኞቹ ይህን ያወጡለት ግድግዳውም ቃሉም ስለማይዘም ነው። ሐኪሟ ፎቶውን አሳየችው። ለረጅም ጊዜ አየውና "ይሄን የሠራ ሰው አልቸኮለም፣ ዶክተር" አለ።

እውነቱን ለመናገር እሱም አይቸኩልም። አንድ ድንጋይ ፊት ግማሽ ቀን ቁጭ ይላል። "ድንጋይ ፊት አለው። ፊቱን ሳላውቅ ወዴት አዞረዋለሁ?" ይላል። ሲያስቀምጠውም ሲሶውን መሬት ውስጥ ይቀብረዋል፤ "ያልተቀበረ ድንጋይ ይጎለታል እንጂ አይቀመጥም።" እሷ በምሳ ሰዓቷ እየመጣች ስለነዚያ ጓሮዎች የሚያወራ መጽሐፍ እያነበበች ትተረጉምለታለች፤ እሱ አንዴ የሰማውን አይረሳም። ከአጥሩ ጥላ ሥር ደግሞ፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ነገር እየፋቀ አምጥቶ ተከለ። በቀን ሁለቴ ውሃ በእጁ ይረጭለታል። እንደ ፎቶው አንድ ጥድ ተከለ፣ ነጭ ጠጠር አለበሰ፣ ከአጥሩ በር እስከ ኩሽናው ደረጃም ጠፍጣፋ የድንጋይ መርገጫዎች ደረደረ።

እናቷ ይህን ሁሉ ከኩሽናው መስኮት ያያሉ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ዛሬም ሲናገሩ የሰማ ሰው ሳያስበው ቀጥ ብሎ ይቆማል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል" አሉ አንድ ቀን። "የዚህ ልጅ እንቁላል ግን ገና አልተጣለም። ደግሞስ ሰው ሻጋታ ይፍቃል እንጂ ይተክላል?"

ቱንቢ ለጠጠሩ ሰባት ጥርስ ያለው የእንጨት መጥረጊያ ሠራላት። አንዱን ጥርስ ነካ አድርጋ "ይሄኛው ይነቃነቃል፤ መነቀል አለበት" ስትለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ጠጠሩን መጥረግ ልማዷ ሆነ። በድንጋዮቹ ዙሪያ ክብ፣ በቀረው ላይ ቀጥ ያለ መስመር፤ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ቀስ ብላ። እጅ ከተንቀጠቀጠ መስመሩ ያሳብቃል። መጀመሪያ ሰሞን እባብ የሄደበት ይመስል ነበር። በሁለተኛው ወር ቀና። እሱ የሠራው የቀርከሃ ቱቦ ውሃውን ድንጋይ ገንዳ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲያደርግ እየሰማች፣ ከአባቷ ሞት ወዲህ ያጣችው ሰላም ሳታውቀው ገብቶባት ነበር።

አንድ ጠዋት ጠርጋ ጨርሳ ቀና ስትል፣ ቱንቢ ሥራውን አቁሞ እጇን እያየ ነው።

"ዛሬ አልተንቀጠቀጠም" አላት።

ነግራው አታውቅም። ከሐኪሙ በቀር ለማንም ነግራ አታውቅም። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ከዚያ እሷ ፊቷን አዙራ ቱቦውን የምታስተካክል መሰለች፤ እንባዋ መጥቶባት ነበር። ይህ ሰው የሚያየው ድንጋይ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት። የወደደችውም ያን ጊዜ ነው።

ከመጽሐፉ ሁለቱንም የማረካቸው አንድ ነገር አለ። በእነዚያ ጓሮዎች "መግባት ክልክል ነው" ተብሎ አይጻፍም። የቡጢ ያህል ድንጋይ በጥቁር ገመድ መስቀለኛ ይታሰርና እግር መርገጫው ላይ ይቀመጣል፤ ያየ እንግዳ ይመለሳል። ቱንቢ ሥዕሉን እያየ ቋጠሮውን አሥራ አንድ ጊዜ ፈትቶ አሰረው። ሲሳካለት "ጩኸት የሌለው በር" አለ። አዲሱን አረንጓዴ ማንም እንዳይረግጠው ጥግ ላይ አስቀመጡት። በዚያ ቤት የድንጋዩን ትርጉም የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም፤ እናት ነቁ። "የዳኛ ልጅ ነሽ። ዶክተር ነሽ። እኔ አንቺን ያስተማርኩት ለሲሚንቶ ነው?" አሉ። እናትና ልጅ ወር ሙሉ ተኳረፉ። ቱንቢ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም። "ተደብቄ አልገባም" አላት። "ቅዳሜ አራት ሰዓት በሠራሁት መንገድ መጥቼ፣ እንደምወድሽ ለእናትሽ በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።" ዶክተር ማለቱን ትቶ አንቺ ያላት ያን ቀን ነው። ያን ሳምንት እንዴት እንደሰነበተች እሷው ታውቀዋለች።

ቅዳሜ መጣ፤ እሱ አልመጣም። እናትና ልጅ ሳሎን ውስጥ ሳይነጋገሩ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጡ። በመጨረሻ እናት ተነሱና "ይበቃል። ልብስሽን ለውጪ" አሉ። ስልኩን ሁለቴ ሞከረች፣ ዝግ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ኩራቷ አልፈቀደም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓሮውን በር ከፍታ አታውቅም፤ መስኮቱን እንኳ በመጋረጃ ሸፈነችው። እጇም በአራተኛው ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ወደ ዛሬው ቅዳሜ እንመለስ። ሴትዮዋ ታክማ እንደወጣች፣ የክሊኒኩ ተራ ያዥ አንድ ፖስታ ይዛ ገባች። "ያ ግንበኛ ነው ያመጣው። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለኝ" አለች። ሐኪሟ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ከፈተችው።

"ለተከበሩ ዶክተር፤

ሰኞ ለድልድይ ሥራ ወደ ሩቅ ቦታ እሄዳለሁ፤ አሥር ወር ይፈጃል። ሳልሄድ ስለ ጓሮው ልንገርዎ ብዬ ነው። ጥዱን በሳምንት ሁለቴ ውሃ ያጠጡት፤ ሲበዛበት አይወድም። ቱቦው ሲደፈን በስስ ሽቦ ይውጉት። አረንጓዴው ቡናማ ቢሆን አይደንግጡ፤ ሞቶ ሳይሆን ተኝቶ ነው። በደንብ እስኪይዝ ዓመት ይፈልጋል። የመጥረጊያው ጥርስ አሁንም ይነቃነቃል፤ ሳላጠብቀው በመቅረቴ ይቅርታ።

ስልኬን ያጠፋሁት ድምፅዎን ብሰማ ገመዱን እንዳልተላለፍ ፈርቼ ነው። ድንጋዩን አይቻለሁ። ትርጉሙን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አልተቀየምኩም። እጅዎን ይጠብቁ።"

መጀመሪያ የወጋት "እርስዎ" የሚለው ነው። በአንድ ወረቀት ላይ እንደገና ዶክተር አድርጓት ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ ስታነብ ግን "ድንጋዩን አይቻለሁ" የሚለው ላይ ቆመች። የትኛውን ድንጋይ? ጋዋኗን ሳታወልቅ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ቤት ደርሳ የጓሮውን በር ከፈተችው። ቅጠል ጠጠሩን አልብሶታል፤ ቱቦው ተደፍኗል። ከአጥሩ በር ሁለተኛው መርገጫ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ በጥቁር ገመድ የታሰረው ድንጋይ ተቀምጧል።

ያን ቅዳሜ በሰዓቱ መጥቶ ነበር። በሩን ከፍቶ አንድ እርምጃ ገብቶ ነበር። በገዛ እጁ አሥራ አንዴ ያሰረው ድንጋይ "ተመለስ" አለው፤ እሱም ሳይከራከር ተመለሰ። ፈሪ ያለችው ሰው ያከበራት ሰው ነበር።

"እማዬ፣ ነይ እስቲ።"

እናቷ ብቅ አሉ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው።

"ይሄን ድንጋይ ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው?"

"እኔ ነኝ። ምነው?"

"እኔ ነኝ? እንዲህ በቀላሉ?" ድምጿ ተሰበረ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ እርር ስል እያየሽኝ? ይሄ ድንጋይ አትለፍ ማለት ነው፤ ተመለስ ማለት ነው። አይቶት ነው የተመለሰው። አንቺ ነሽ ያባረርሽው።"

እናት መነጽራቸውን አወረዱና ድንጋዩን አዩት። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

"ልጄ፣ እኔ ያንን ልጅ ማባረር ብፈልግ በድንጋይ ነው የማባርረው? አፍ የለኝም? አርባ ዓመት ሰው ከቢሮዬ ሳባርር የኖርኩ ሰው ነኝ።"

ይሄ እውነት ነው፤ ሐኪሟም ታውቃለች። እናት የኩሽናው ደረጃ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ያን ጠዋት አንቺ ልብስሽን ስትተኩሺ ወጣሁ" አሉ። "መርገጫዎቹን አንድ በአንድ በብሩሽ አጠብኳቸው። ተንበርክኬ። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።"

"ለምን?"

"ለምን ትለኛለች እንዴ። እንግዳ ሊመጣ አይደል?" ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "በዚያ መስኮት ይሄን ያህል ጊዜ ሳየው ኖሬአለሁ። ድንጋዩን ከመቅበሩ በፊት ያጥበዋል፤ መሬት ውስጥ የሚገባውን ጎን ሳይቀር። መጀመሪያ ሞኝ መሰለኝ። በኋላ ግን አሰብኩ፤ ማንም የማያየውን ጎን የሚያጥብ ሰው ልጄን አይበድላትም። ለአንቺ መንገሩ ግን ከበደኝ። ኩራት አለብኝ። አንቺስ ከማን ወረስሽው?"

"ከዚያ ያን ድንጋይ ጥግ ላይ አየሁት። ሲያስረው፣ ሲፈታው፣ እንደገና ሲያስረው አይቻለሁ። ይሄን ያህል ተለፍቶበት ጥግ ምን ይሠራል ብዬ፣ ሲገባ መጀመሪያ እንዲያየው መሃል መንገዱ ላይ አኖርኩለት። ሥራህን አይቼልሃለሁ ማለቴ ነበር።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እንኳን ደህና መጣህ ማለቴ ነበር።"

የሐኪሟ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣ። እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች፤ ያ ክፉ ጉልበት ላይ። እናት ፀጉሯን ዳበሱ። ወር ሙሉ ያልተነጋገሩት ነገር እዚያው አለቀ።

"በይ ተነሺ" አሉ እናት። "ጫማዬን አምጪ። የት ነው የሚሠራው?"

"እኔ እሄዳለሁ እማዬ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ የማነሳውም እኔ ነኝ።" ድንጋዩን በሻርፓቸው ጠቅልለው የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ቱንቢ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ያላለቀ ሕንፃ ላይ ነበር። እናት በተወለወለ ጫማቸው አሸዋውን እየረገጡ ሲገቡ ግንበኞቹ አንድ በአንድ ሥራቸውን አቆሙ። አንዱ ወደ ላይ "ቱንቢ፣ ሰው መጥቶልሃል" ብሎ ተጣራ። ቱንቢ ከመሰላሉ ወርዶ ዞር ሲል፣ መጀመሪያ ከኋላ የቆመችውን ሐኪም አየ። ፊቱ ላይ ደስታ ብልጭ ብሎ ወዲያው ተከለከለ። ያንን ማየት ለሐኪሟ ከደብዳቤው የባሰ ነበር።

እናት ድንጋዩን አውጥተው ገና ያልደረቀው ግንብ ላይ አስቀመጡት።

"ስማኝ ልጄ" አሉ። "እኔ አርባ ዓመት አስተምሬ ይሄን ነገር ማንበብ አላውቅም። መንገድህ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም፤ ሳሎን ሆና ስትጠብቅህ ነው የዋለችው። እኔም እየጠበቅኩህ ነበር።"

ቱንቢ ድንጋዩን አየ። ዓይኑን ሳያነሳ ሲቆይ እናት ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ለዚህም ግማሽ ቀን ልትቀመጥ ነው?"

ግንበኞቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም።

"እርስዎ ነዎት ያስቀመጡት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንድገባ?"

"እንድትገባ ነው እንጂ።"

ቱንቢ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ፤ የሲሚንቶ አቧራ ጉንጩ ላይ መስመር ሠራበት። ሐኪሟ ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም፤ ቀረበችው።

"እንዴት አንድ ቀን እንኳ አትጠይቀኝም?"

"ያየ እንግዳ ይመለሳል፤ አንቺ ነሽ ያልሽኝ።"

"አንተ እንግዳ ነህ?"

ዓይኑ መለሰላት፤ አንቺ ማለቱም ሳያስበው ተመልሷል።

እናት በጥፍራቸው ቋጠሮውን ይታገሉ ነበር። "ምን ዓይነት አስተሳሰር ነው ይሄ? እንካ፣ አንተው ፍታው።" ቱንቢ ድንጋዩን ተቀብሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠውና ወደ ሐኪሟ ዘረጋው። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አይቶታል። አላዘናትም፣ አላበረታታትም፤ ዝም ብሎ መዳፉን እንደ ገንዳው ጸጥ አድርጎ ያዘላት። እሷ ጎንበስ ብላ የገመዱን ጫፍ ፈለገች፣ የተደበቀ ሥር እንደምትፈልግ። አገኘችው። ሳበችው። ገመዱ ተፈትቶ ወደቀ፤ መዳፉ ላይ የቀረው ተራ ድንጋይ ነው። እጇ መቼ እንደቆመ አላወቀችም።

"ሰኞ ግን እሄዳለሁ" አለ ቱንቢ፣ በጭንቀት። "ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ባትሄድ ነበር የማዝነው" አለችው። "አረንጓዴው እስኪይዝ ዓመት ይፈልጋል ብለህ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። አሥር ወር ምን አላት?" አሥር ወር ብዙ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ግን ቃሉ በማይዘም ሰው ኮርታ ነበር፤ ናፍቆቱን ከአሁኑ ወደደችው።

እሁድ ጠዋት ቅጠሉን ለቀመች፣ ቱቦውን በስስ ሽቦ ወጋች፣ ጠጠሩን ጠረገች። መስመሩ ቀጥ አለ። እናቷ ተንበርክከው መርገጫዎቹን እንደገና አጥበዋል፤ አትንበርከኪ ብትል ማን ሊሰማት።

አራት ሰዓት ሲሆን የአጥሩ በር ተከፈተ። ቱንቢ ያን ቅዳሜ ለብሶት የተመለሰውን ኮት ለብሷል። አንድ እርምጃ ገባ። ሁለተኛው መርገጫ ጋ ሲደርስ እግሩ በራሱ ቆመ፤ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን አየ። ከታጠበው ድንጋይ በቀር ምንም የለም። ያም ሆኖ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ሐኪሟም ከደረጃው ላይ ሆና ታየዋለች።

እናት በኩሽናው በር ብቅ አሉ።

"ምን ይገትርሃል?" አሉት፣ ልጃቸውን በሚቆጡበት ድምፅ። "ቤትህ አይደል እንዴ፣ ግባ እንጂ።"